ሃያውም ፊደል

«ረምላ ፊደል ዋጠች» የሚለውን ወሬ ሳይሰለች የሚያመላልሰው ባለ ጭማቂ ቤቱ ገብረዝጊ ነው። መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር፣ ከጽባሕ ኮሌጅ በር ፊት ለፊት፣ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች አሉ፤ አንደኛው የእሱ ጭማቂ ቤት፣ ሁለተኛው ረምላ የምትሠራበት የሙነወር ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት። ገብረዝጊ አቮካዶ እየፈጨ ለመጣው ተማሪ ሁሉ ያወራል። በመጀመሪያው ሳምንት የተዋጠው ፊደል አንድ ነበር። በሁለተኛው ሦስት ሆነ። በሦስተኛው ግማሽ መስመር ተበልቶ አደረ። መፍጫው ሲጮህ እሱም አብሮ ስለሚጮህ ወሬው ግድግዳውን ዘልቆ ረምላ ጆሮ ይገባል፤ መፍጫው ሲቆም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ እስካሁን ያልተሰማ መስሎት።

አንድ ቀን ረምላ በበሩ ብቅ አለችና፣ «ኣያ ገብረዝጊ፣ ለነገ ሙሉ ገጽ ያድርጉት፤ ግማሽ መስመር ለእኔ አፍ አይመጥንም» አለችው። ተማሪዎቹ ሳቁ። ገብረዝጊም አብሮ ሳቀ። ወሬው ግን አልቆመም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኣረፋይነ የሚባል የማስተርስ ተማሪ ከአበርገሌ ፍየሎች ደም ውስጥ ወተት ያበዛል የተባለ አንድ ጂን ይፈልጋል። ጂኑን ከዚያ ሁሉ ዲኤንኤ መሐል ለይቶ ለማባዛት ፕራይመር የሚባሉ ሁለት አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ያስፈልጉታል፤ አንዱ ከጂኑ መጀመሪያ፣ ሌላው ከመጨረሻው የሚነሡ። እያንዳንዳቸው ሃያ ፊደል ናቸው፤ የፊደሉ ዓይነት ደግሞ አራት ብቻ፣ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ። ቁራጮቹ እዚህ አገር አይሠሩም። ቅደም ተከተላቸው በወረቀት ተጽፎ ውጭ ይላካል፤ ሦስት ወር ይጠበቃል፤ ከዚያ ከትንሽ ጣት በማትበልጥ ብልቃጥ ይመጣሉ። ኣረፋይነ በ2004 ዓ.ም. ጥር ላይ ፊደሎቹን በእጁ ጽፎ ለሙነወር ቤት ሰጠ፤ ረምላ ጻፈችው፤ ትእዛዙ ሄደ። ሚያዝያ ላይ ብልቃጦቹ ገቡ። ኣረፋይነ ከፍሪዘር ደም አውጥቶ ዲኤንኤውን ከፕራይመሮቹ ጋር ማባዣው ፒሲአር ማሽን ውስጥ ከተተ፣ የወጣውን ጄል በሚባል የረጋ ነገር ላይ አስኬደ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት አየው። ብሩህ መስመር ሊታይበት የሚገባው ቦታ ባዶ ነበር። ደገመ፤ ባዶ። ሠለሰ፤ ባዶ። በአራተኛው ቀን ገብረዝጊ ቤት ተቀምጦ ማንጎ እየጠጣ፣ ያቺ ጸሐፊ ፊደል ሳታስቀር አልቀረችም አለ። ወሬው የተነሣው ከዚያ ብርጭቆ ነው።

ሙነወር ከሐይቅ መጥቶ መቀሌ ላይ ሲሚንቶ በመሸከም የጀመረ፣ በኋላ አንድ አሮጌ ማሽን ገዝቶ ኮፒ ቤት የከፈተ የወሎ ሰው ነው። የቤቱ ሕግ አንዲት ናት፦ እንደ ተጻፈው ይጻፋል። የሰው ጽሑፍ አይታረምም፣ አይነካም፣ አይጠየቅም። ረምላ በዚህች ሕግ አራት ዓመት ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ስድሳ ምናምን የመመረቂያ ጽሑፍ በጣቷ አልፏል። አሁን ግን የመመረቂያው ወቅት ደርሶ ተማሪው በሩ ላይ ቆም ይልና ወደ ማዶው ኮፒ ቤት ይሻገራል። ሙነወር አንድ ጠዋት ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ወሬው እስኪበርድ ኮፒ ማሽኑ ላይ እንድትቆም፣ ኮምፒውተሩን የእህቱ ልጅ ፊርዶስ እንድትይዘው ነገራት። ሰኔ እስኪያልቅ ካልበረደ ደግሞ ፊርዶስ በዚያው ትቀጥላለች። ይህን ሲል ዓይኑን ከስቴፕለሩ አላነሣም።

«ጋሽ ሙነወር፣ እርስዎም ዋጠች ይላሉ?»

«እኔ ምንም አልልም፣ ልጄ። ደንበኛ ነው የሚለው።»

ረምላ ወንበሯን ለቀቀች። ፊርዶስ ስትቀመጥ ከፍታው እንዲስማማት ራሷ ዝቅ አደረገችላት፤ ለልጅቷ ቂም የላትም። ለማን እንዳላት ግን ታውቃለች።

አስረኛ ክፍል ላይ ውጤቷ አልበቃም ተብሎ ከትምህርት የቀረችው ረምላ የተማረችው ከዚህ ኮፒ ማሽን ሆድ ነው። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ወረቀት ይጎርሳል። የተጨማደደው፣ ግማሹ በቀለም የጠቆረው፣ ጠርዙ የተቀደደው ገጽ ሁሉ ለሌላ ሰው ቆሻሻ ነው፤ እሷ ጠፍጥፋ ትወስደዋለች። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት ነው የበላችው። በሦስተኛው ዓመት፣ መምህራኑ ለተማሪ የሚያስባዙት ጽሑፍ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲቀዳ የት ላይ እንደሚሳሳት ሳይቀር ለይታ ታውቅ ነበር። ፒሲአር የሚባለውም ብዙዎቹን ተማሪዎች ሲያስጨንቅ እሷን አላስጨነቃትም። ኮፒ ነው። ማሽኑ ሲሞቅ የዲኤንኤው ሁለት ክሮች ይለያያሉ፤ ሲበርድ ፕራይመሮቹ ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ መልሶ ሞቅ ሲል ኤንዛይሙ ከፕራይመሩ ተነሥቶ ይገለብጣል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፤ ሠላሳ ዙር። የሙነወር ማሽን እንዲህ ቢያባዛ ሙነወር ዓዲ ሓቂን በሙሉ ይገዛ ነበር።

ስለዚህ አላለቀሰችም። በምሳ ሰዓት፣ ፊርዶስ ለሶላት ስትወጣ፣ የኣረፋይነን ፋይል ከፈተች። እሱ በእጁ የጻፈበት ወረቀት ጠፋ ብሏል፤ ስለዚህ ማመሳከሪያ የለም ይላል። ነገር ግን ከጽሑፉ ጀርባ፣ አባሪ ላይ፣ የጂኑ ሙሉ ቅደም ተከተል አለ፤ ያንን በእጁ የጻፈው ሰው የለም፣ ከኢንተርኔት እንዳለ ተገልብጦ የመጣ ነው። ረምላ ሁለቱን አተመችና ማስመሪያ ይዛ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ፕራይመር ከጂኑ መጀመሪያ ጋር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሃያ። ልክ። ሁለተኛው ከጂኑ መጨረሻ ጋር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሃያ። ልክ። አንድም የተዋጠ የለም።

ደስታዋ እስከ አሥር ሰዓት እንኳ አልቆየም። ልክ ከሆነስ ለምን አልሠራም? ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ሊተወው ይችል ነበር፤ ንጹሕ ነኝ ብሎ ወረቀቱን ለሙነወር አሳይቶ ወንበሩን መጠየቅ ይበቃል። ረምላን ግን እከክ ሆነባት። ቤቷ ሄዳ የተጎረሱ ወረቀቶቿን ከካርቶን አውጥታ አንድ በአንድ ገለጠች። በሦስተኛው ቀን ስለ ፕራይመር አነዳደፍ የሚያወራ፣ ላይኛው ግማሽ የጠቆረ ገጽ አገኘች። ታችኛው ግማሽ ይነበባል። ሁለተኛው ፕራይመር፣ ይላል፣ ከጂኑ መጨረሻ ይወሰዳል፤ ከዚያ ተገልብጦ ከኋላ ወደ ፊት ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ፊደልም በተጣማጁ ይተካል፣ ኤ በቲ፣ ጂ በሲ። አለዚያ ወደ ኋላ መመለስ ሲገባው እንደ መጀመሪያው ወደ ፊት ይነጉዳል።

ረምላ ማስመሪያውን አስቀመጠች። ሃያውም ልክ መሆኑ ነበር ስሕተቱ።

በሰኔ መጀመሪያ ሥራ በዛና ፊርዶስ አልቻለችም። ሙነወር፣ «ለዛሬ ብቻ ተቀመጪ» ብሎ አንድ ክምር የእጅ ጽሑፍ ረምላ ፊት አኖረ። የኣረፋይነ ነበር፤ የመጨረሻው ምዕራፍ። ሙነወር እንግሊዝኛ አያነብም። እሷ ታነባለች። በሁለተኛው ገጽ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰች፦ ውጤት ያልተገኘው የፕራይመሮቹ ቅደም ተከተል በጽሕፈት አገልግሎት ሰጪው ስለ ተዛባ ነው።

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ። ይህ የገብረዝጊ ወሬ አይደለም፤ ወሬ ሌላ ወሬ ሲመጣ ይረሳል። ይህ ተጠርዞ፣ ጥቁር ልባስ ለብሶ፣ በወርቅ ቀለም ርእስ ተጽፎበት የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ያነበዋል። ዓዲ ሓቂ ላይ የዚያን ጊዜ ጸሐፊ ማን ነበረች ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ አንድ ነው።

ለሙነወር ተረጎመችለት። ሙነወር ፊቱ ከል መሰለ፤ መልሺለት፣ ይህን ሥራ አንሠራም አለ።

«አይመለስም» አለች ረምላ። «እንደ ተጻፈው እጽፈዋለሁ።»

ጻፈችውም፤ ኮማ ሳታስቀር። ማታ ኣረፋይነ ሊወስድ ሲመጣ ወረቀቱን አስረከበችውና፣ ሁለተኛው ፕራይመርህ አልተገለበጠም፣ የተሳሳትከው አንተ ነህ፣ ይህን መስመር ሳታስጠርዝ አውጣው አለችው። በገጽ ቁጥር ጭምር ነገረችው። ኣረፋይነ መጥፎ ልጅ አይደለም፤ አባቱ ከተምቤን ሁለት ላም ሸጦ ያስተማረው፣ ሦስት ወር ጠብቆ ባዶ ጄል ያየ ሰው ነው። ግን ከኮፒ ማሽን ጀርባ የቆመች ልጅ እንዲህ ስትናገረው የሚሰማበት ጆሮ አላበጀም።

«ሓፍተይ፣ እህቴ» አላት ፈገግ ብሎ፣ «አንቺ ቁልፉን ምቺ። ሳይንሱን ለባለቤቱ ተዪው።»

«እሺ። ባለቤቱን ጥራልኝና ለእሱ ልንገረው። አንተ እንዳልሆንክማ አየሁት።»

ፈገግታው ጠፋ። ሒሳቡን ጥሎ ወጣ። ከግድግዳው ማዶ የገብረዝጊ መፍጫ ቆሞ ነበር፤ ሰውየው ጆሮውን ለግድግዳው እንደ ሰጠ ረምላ ታውቃለች።

ኣረፋይነ ጽሑፉን በመርማሪዎች ፊት የሚከላከልበት ቀን ሰኔ ሃያ ሁለት ነበር። ማስታወቂያውን ያተመችው ረምላ ናት፤ ስሙ፣ ርእሱ፣ ሰዓቱ፣ ከታች ደግሞ «ሁሉም ሰው ተጋብዟል» የሚል። በዚያ ቀን ሙነወርን ፈቃድ አልጠየቀችውም። ሻሿን አስተካከለች፣ የተጎረሰውን ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍና፣ ካተመቻቸው ፕራይመሮች ጋር ያዘች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ ለዘበኛው ማስታወቂያውን በጣቷ አሳየችውና ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሰው ይሆናል። ከፊት ሦስት መርማሪዎች ተቀምጠዋል፤ መሐለኛው ከሌላ ከተማ የተጋበዘ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ዶክተር ሃይለማርያም የሚባል ሰው ነው። ኣረፋይነ ጥሩ አድርጎ አቀረበ። ፍየሎቹን በፎቶ አሳየ። ባዶውን ጄል አሳየ። ከዚያ ያንን መስመር ግድግዳው ላይ አበራና፣ እንግዲህ ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት አለ። መርማሪዎቹ ጥቂት ጠየቁ፤ በትሕትና ነበር፣ የልጁ ዕድል አሳዝኗቸዋል። ሰብሳቢው ከተሰብሳቢ ጥያቄ ያለው ካለ አለ፤ ማንም እንደማይጠይቅ ስለሚያውቅ ወረቀቱን እየሰበሰበ።

ረምላ እጇን አወጣች።

ሰብሳቢው ስሟንና የትምህርት ክፍሏን ጠየቃት።

«ረምላ ኸድር። ከሙነወር ፎቶ ኮፒ።»

ከኋላ የተጀመረው ሳቅ እስከ ፊተኛው ወንበር ደረሰ። ሰብሳቢው ጥያቄ የሚፈቀደው ለተማሪና ለመምህር ነው ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ማስታወቂያው ሁሉም ሰው ተጋብዟል ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያንን እንኳ አልተሳሳትኩም።»

ዶክተር ሃይለማርያም መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ትጠይቅ አለ።

ገጽ ስድሳ አንድ ይከፈት አለች። የጂኑ ቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ በራ። ከዚያ ሁለተኛውን ፕራይመር ከወረቀቷ ላይ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የጂኑን መጨረሻ እዩልኝ እያለች። ከአምስተኛው ፊደል በኋላ አዳራሹ አብሯት ይቆጥር ነበር። ሃያ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሃያ ከሃያ። አንድም አልዋጥኩም። አሁን እንግዲህ ዶክተር፣ ሃያውም ልክ ከሆነ ለምን አልሠራም ብለው ይጠይቁኝ።»

«ለምን አልሠራም?» አለ ሃይለማርያም። እየቀለደ አልነበረም።

ወደ ሰሌዳው ሄዳ ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሰመረች፤ ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች። ከመጀመሪያው ፕራይመር ወደ ቀኝ የሚሄድ ቀስት ሳለች። ከሁለተኛውም ወደ ቀኝ የሚሄድ ቀስት ሳለች። አንድ ባጃጅ ከሓወልቲ ወደ ዓዲ ሓቂ ቢነሣ፣ አለች፣ ሌላው ከዓዲ ሓቂ ወደ ሓወልቲ መነሣት አለበት፤ መሐል ያለው መንገድ የሚባዛው ሁለቱ ፊት ለፊት ሲመጡ ነው። የኣረፋይነ ሁለተኛ ባጃጅ ዓዲ ሓቂ ላይ ቆሞ ጀርባውን ለሓወልቲ ሰጠና ከከተማ ወጣ። ሠላሳ ዙር ብታመላልሰው፣ ሠላሳ ዙር ከከተማ ይወጣል። ተገልብጦ በተጣማጅ ፊደሎቹ መጻፍ ነበረበት። እሱ እንዳለ ጻፈው፤ እኛ ቤት ደግሞ እንደ ተጻፈው ይጻፋል።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሃይለማርያም ሰሌዳውን እያየ በእርሳሱ አንድ ነገር ጻፈ፣ ሰረዘ፣ መልሶ ጻፈ። ቀና ብሎ ኣረፋይነን፣ «ሁለተኛውን ገልብጠኸው ነበር?» አለው።

ኣረፋይነ ግድግዳውን አየ። ሰሌዳውን አየ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«አልገለበጥኩትም» አለ።

ሰብሳቢው ረምላን ይህን የት እንደተማረች ጠየቃት። ማሽን ከጎረሰው ወረቀት አለችና ፕላስቲኩን ከፍ አድርጋ አሳየች። እንድትቀመጥ ተነገራት፤ አልተቀመጠችም፤ ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች። መንገዱን ተሻግራ ኮፒ ማሽኑ ላይ ቆመች።

መርማሪዎቹ ሌላ ፕራይመር አዝዞ ሦስት ወር መጠበቅ ስለማይቻል፣ ያ መስመር ተሰርዞ ስሕተቱ በግልጽ ተጽፎ ጽሑፉ እንዲገባ ወሰኑ። በማግስቱ ኣረፋይነ አንዲት ገጽ ይዞ መጣ። ይቅርታ አላለም፤ ገጿን ግን ወደ እሷ አዙሮ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። የተሳሳተው አጥኚው ራሱ እንደሆነ፣ የት ላይ፣ እንዴት፣ በአምስት መስመር ጽፏል።

«አንብቢው» አለ። «ስሕተት ካለ ንገሪኝ።»

«የሰው ጽሑፍ አናርምም» አለች ረምላ። ከዚያ አነበበችው፤ ሁለት ቦታ አረመችለት።

ሙነወር ወንበሩን ይዞ መጣ፤ ቃል በቃል ተሸክሞ። ረምላ ከመቀመጧ በፊት አንድ ነገር ይሁን አለችው፤ ከእንግዲህ የሚገባኝን ሳላነብ አልጽፍም። ሙነወር ሃያ ዓመት ያቆያትን ሕጉን አሰበ፣ በሩ ላይ የተሰለፉትን ተማሪዎች አየ፣ እሺ አለ። ተማሪዎቹ ፕራይመራቸውን ይዘው የመጡ ናቸው፤ ከመላካቸው በፊት ረምላ ትይልን ብለው። ፊርዶስ ኮፒ ማሽኑ ላይ ቆመች፤ የተጎረሰ ወረቀት ስታገኝም ሳትጥል ለረምላ ታስቀምጥ ጀመር። ከግድግዳው ማዶም መፍጫው ሲጮህ፣ ረምላ አንድ ዶክተር አስተማረች ይባላል፤ በሳምንቱ ሦስት ዶክተር ሆነ። በበሩ ብቅ ብላ፣ «ኣያ ገብረዝጊ፣ አንድ ነው፤ እሱም ዝም አለ እንጂ አልተማረም» አለችው። ሰውየው ማንጎ ቀዳላትና ሒሳብ አልቀበልም አለ። እሷ ግን ከፈለች።

በክረምቱ ዝናብ ተማሪ ሲጠፋ ካርቶኑን ገልጣ ስለ ኮንትሮል የሚያወራ ገጽ አነበበች። ፒሲአር ሲሠራ፣ ይላል፣ ደህና መሆኑ የታወቀ ናሙና አብሮ ይሠራል፤ አለዚያ ያልሠራው ምኑ እንደሆነ አይለይም። ያኔ አዳራሹ ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ትዝ አላት፤ እሷንም ጨምሮ። ገጹን አጥፋ ሌላውን አነሣች።

ኅዳር 2005 ላይ የኮሌጁ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ኣስፋሃ፣ ጡረታው የደረሰ ዝምተኛ ሰውዬ፣ አንድ ደብዳቤ ሊያስጽፍ መጣ። አዲስ አበባ ላለው የፕሮጀክት ቢሮ ነው፤ አዲስ ፍሪዘር እንዲገዛላቸው። ረምላ እያነበበች ትጽፍ ጀመር። ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ፍሪዘሩ ከየካቲት 6 እስከ የካቲት 17 ቀን 2004 ዓ.ም. ድረስ ሙሉ በሙሉ ቆሞ የነበረ ሲሆን፣ በውስጡ የነበሩት የፍየል ደም ናሙናዎች በሙሉ ቀልጠውና ሸትተው ከጥቅም ውጪ ሆነዋል።»

«ኣቦይ ኣስፋሃ፣ እነዚህ ፍየሎች የማን ናቸው?»

«የኣረፋይነ። ያ ሑመራ ሥራ ያገኘው ልጅ።»

«ነግረውት ነበር?»

«ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ፊውዙ ሲቀየር ተመልሶ ቀዘቀዘ እኮ።»

ስሕተቱ የፕራይመሩ ነው የሚለው የኣረፋይነ ጥቁር ጥራዝ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ከገባ አራት ወር ሆኖታል። ፕራይመሮቹ መቀሌ የገቡት ሚያዝያ ሦስት ነበር፤ ደሙ ከሸተተ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል። ተገልብጦ የተጻፈም ይሁን ሳይገለበጥ የቀረ፣ ከዚያ ደም ውስጥ ጂን የሚያነሣ ፕራይመር አልነበረም።